«ጅብ ጉትቻ አያደርግም» ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ ዳኞች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ሰላም ለናንተ ይሁን ውድ ዳኞች። የውድድሩን ስም አልጠራም፣ የድርጅቱንም አልጠራም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ እኔም አውቀዋለሁ፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ ባያውቀው ምንም አይቀርበትም፣ ምክንያቱም ይሄን ወሬ ከስንቱ አርታኢና ከስንቱ አሳታሚ አፍ ሰምቼዋለሁ። እኔ ጎንደር ተወልጄ አዲስ አበባ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ፣ ቀን ቀን የሰው መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ ማታ ማታ የራሴን እጽፋለሁ። ለውድድራችሁ አንድ አጭር ልብ ወለድ ልኬ ነበር፣ ከሦስት ወር በኋላ በኢሜይል መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር ነው፦ ሥራሽ ከታሪካችንና ከማንነታችን ጋር ግንኙነት የሌለው ከውጭ የተቀዳ ቅዠት ስለሆነ በደንቡ ቁጥር 6 መሠረት ውድቅ ተደርጓል። ቁጥር 6ን ሄጄ አየሁት፣ «ተረት፣ ቅዠትና የመሳሰሉት ተቀባይነት የላቸውም» ይላል። ከኢሜይሉ ጋር ስካን የተደረገው ኮፒዬ ተያይዟል፣ ገጽ 14 ላይ አንዳችሁ ጉትቻ የምትለዋን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከቦ ዳሩ ላይ «ጅብ ጉትቻ አያደርግም» ብሎ ጽፎበታል። የጉትቻዋን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መሸነፍ ለምጃለሁ፣ አራተኛዬ ነው። ታሪኩ ድንቅ ነው ብዬም አልከራከርም፣ 22 ገጽ ነው፣ መሃሉ ላይ ይንዛዛል፣ አጨራረሱን እኔ ራሴ አልወደድኩትም። ግን «ከውጭ የተቀዳ» የምትለዋ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። አንዲት የቀጥቃጭ ልጅ አለች፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ትሆናለች፣ ሰፈሩ ሰው ትበላለች ብሎ ይፈራታል፣ እሷ ግን ማንንም አትበላም፣ የምትዞረው በአያቶቿ ርስት ድንበር ላይ ነው፣ ያንን መሬት በቀንና በሰውነቷ መርገጥ ስለማትችል በጅብ እግር ትረግጠዋለች። በቃ ታሪኩ ይሄ ነው። እና ይሄ ከየት አገር ነው የተቀዳው? ቡዳ ከየት ነው የመጣው፣ ከለንደን ነው? አረ በናታችሁ።

ታሪኩን ያገኘሁት ከእምዬ ነው፣ ከአያቴ። ያደገችው ከጎንደር ወጣ ብሎ ገጠር ነው፣ ከነሱ ሰፈር ማዶ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩ ነበር፣ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ፣ ያኔ የሚጠሯቸው በስማቸው ሳይሆን በስድብ ነው፣ ስድቡን እዚ አልጽፈውም። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ታመመ፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል ዓይኑ ይገለበጣል፣ ወዲያው ቡዳ በላው ተባለ። ጤና አዳም ተቀጥፎ አፍንጫው ሥር፣ ቆዳ ተቃጥሎ ጭስ፣ ደብተራ ተጠርቶ «ማን ነህ ተናገር! ከየት ነው ያገኘኸው!» እያለ ልጁን ያስለፈልፈዋል። ልጁ ሲለፈልፍ ለፍልፎ የማዶውን ቀጥቃጭ ስም ጠራ። እምዬ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በሩ ጥግ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ወንዶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሰውየውን ምን እናድርገው እያሉ ሲማከሩ አደሩ፣ ጦር የሚወለውል አለ፣ ቤቱን እናቃጥል የሚል አለ። እሺ ጠዋትስ ምን ሆነ አልኳት። ሳቀች። «ጠዋትማ ሰኔ ነዋ ልጄ፣ የልጁ አባት ማረሻው ደንዞበት ተሸክሞለት ሄደ።» ሌሊት ጅብ ነው ያሉትን ሰውዬ ጠዋት ማረሻ ሳልልን አሉት፣ እሱም ወናፉን እየነፋ ቀጥቅጦ ሳለላቸው፣ ቁና እህልም ሰጡት፣ ግን እህሉን እጁ ላይ አላስቀመጡለትም፣ መሬት ላይ አስቀምጠው ዞር አሉ፣ እሱ አነሳው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር እምዬ ስትነግረኝ አልሳቀችም።

እንግዲህ የኔ ቅዠት ይሄ ነው።

ሰው ቡዳን እንደ አጉል እምነት ብቻ ቆጥሮ ያልፈዋል፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንደዛ ነበር የማስበው። ግን አንዴ ቁጭ ብላችሁ ማን ማን ቡዳ ይባል እንደነበር ቁጠሩ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሁሉም ባለ እጅ ነው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ርስት የሌላቸው። ያለ ምክንያት አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አፄ ይስሐቅ ክርስትና የተነሣ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተነሣ ግን ፈላሲ ይሁን ብሎ አወጀ ይባላል፣ ፈላሲ ማለት አገር የሌለው ስደተኛ ማለት ነው፣ ያቺ የስድብ ስምም ከዚያ መጣች ይላሉ። መሬቱን የተነጠቀ ሰው ምን ይሠራል? እጁን ይዞ ወደ እሳቱና ወደ ጭቃው ይሄዳል። ባለ ርስቱ ደግሞ ያለዚያ ሰው ማረሻ ማረስ አይችልም፣ ያለሚስቱ እንስራ ውሃ መቅዳት አይችልም፣ በገዛ አያቶቹ የተነጠቀ ሰው ላይ ጥገኛ ሆኖ መኖር ደግሞ ምቾት አይሰጥም፣ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ብረት አግኝቶ ቅርጹን የሚቀይር ሰው የራሱንስ ቅርጽ ቢቀይር ማን ያየዋል እያለ ሌሊት ሌሊት ይፈራል። ጅቡ የተወለደው እዚህ ፍርሃት ውስጥ ነው። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ግን አስተያየቱን ያመጣሁት ከፊልም አይደለም።

የጎንደርን ግንብ ስናስጎበኝ ፋሲል ገነባው እንላለን እንጂ ግንበኛና ቀጥቃጭ ሆነው የሠሩት ቤተ እስራኤሎች ስለመሆናቸው ስንቱ አስጎብኚ ያነሳዋል። ዜና መዋዕሉ የንጉሡን ዘመቻ በየቀኑ ይቆጥራል፣ በየት ሰፈረ፣ የት ዋለ፣ ማንን ሾመ፣ የቀጥቃጩን ልጅ ግን አያውቃትም። ተረቱ ያውቃታል። በክፉ ነው የያዛት፣ ግን ይዟታል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን አትስደቡ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያላችሁ ሸማኔውን እያንቋሸሻችሁ አገር ባለሙያ እንዲያጣ አታድርጉ የሚል አዋጅ አስነግረዋል፣ እና አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ የደረሰ ነገር «ከታሪካችን ጋር ግንኙነት የለውም» ሲባል እኔ ምን ልበል።

ጋሼ፣ አሁን በተለይ እርስዎን ነው፣ ሰብሳቢውን። በሽልማቱ ቀን መድረክ ላይ «ፋንታሲ የጠገበ ሕዝብ ነገር ነው፣ እኛ ገና ስንት የሚጻፍ እውነት አለን» ብለው ነበር፣ አዳራሹም አጨበጨበ፣ እኔም ሳላስበው አጨብጭቤያለሁ፣ አፌ ላይ ያለው መልስ የመጣልኝ ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ሁሌ እንደዚ ነኝ። የእምዬ ሰፈር ጠግቦ አይደለም ጅብ ያየው። በክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ከብቱ በበሽታ አልቆ የሚያርስ በሬ ሲጠፋ፣ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ የሚቀብረው ሲያጣ፣ ጅብ መንደር እየገባ ያልሞተውንም ይጎትት ነበር። እንደዛ ካየ ሕዝብ ውስጥ የሚወለድ ተረት ምን ዓይነት ይሆናል ብለው ነው የሚጠብቁት? የተራበ ሰውም ያልማል ጋሼ፣ እንዲያውም እሱ ይብሳል።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ጎንደር ስሄድ ወለቃ ወረድኩ። ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ድሮ የቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረ። በ1977 በሱዳን በኩል የሄዱ አሉ፣ በግንቦት 1983 ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓዘ። ሸክላው ግን መንገድ ዳር አለ፣ ጎረቤት የነበሩት ተምረውት ይሠሩታል፣ ጭቃ በእጅ አይነኬ ይሉ የነበሩት ማለት ነው፣ አሁን ለቱሪስት ሲሆን ነውሩ ቀረ። አንዲት እትዬ ዣንጥላ ሥር ቁጭ ብለው ይሸጣሉ፣ የተደረደረውን አየሁት፣ ትናንሽ አንበሶች፣ እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ንጉሥ ሰለሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አንሶላ እስከ አገጫቸው ድረስ ለብሰው፣ ፊታቸው ክብ ክብ፣ ሁለቱም የተደነቁ ይመስላሉ። ጅብ አለ ወይ ስላቸው «ጅብ ማን ይገዛል ብለሽ ነው የኔ ልጅ» አሉኝ። እኔ እገዛለሁ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን መጥቼ ወሰድኩት፣ አሁን ይሄን ስጽፍ ከላፕቶፑ ጎን ቆሟል፣ የኋላ እግሩ አጠር ብሎ ልክ እንደ እውነተኛው።

እሺ ወደ «የተቀዳ» ልመለስ። ማን ከማን ነው የቀዳው?

እ.ኤ.አ. በ1759 ለንደን ውስጥ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል ሰው፣ የእንግሊዝኛን ትልቁን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሰውዬ ማለት ነው፣ እናቱ ሞታ የቀብር ወጪ ስላስፈለገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጻፈው የሚባል አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ራሴላስ የሚባል የአቢሲኒያ ልዑል ነው፣ በተራራ በተከበበ «የደስታ ሸለቆ» ውስጥ ከእህት ወንድሞቹ ጋር ተዘግቶበት፣ የሚበላው የሚጠጣው ዘፈኑ ሁሉ ሞልቶለት ግን ሰልችቶት ያመልጣል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ያገኘው ከኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ጽሑፍ ነው፣ በወጣትነቱ በ1735 ተርጉሞት ነበር፣ የራሴላስ ስምም ከአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ስዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው ይባላል። እና ያ ሸለቆ እውነት ነበረ እኮ። የንጉሥ ወንዶች ልጆች በዙፋኑ እንዳይጣሉ ግሸን አምባ ላይ ይታሰሩ ነበር፣ የኢማም አሕመድ ጦር እስኪይዘው ድረስ፣ በኋላ በጎንደር ዘመን ደግሞ ወኅኒ አምባ ላይ። ወኅኒ። ዛሬ እስር ቤቱን ወህኒ ቤት የምንለው ከዛ አምባ ስም ነው። ያው የልዑላን አምባ ነው፣ ለንደን ላይ ገነት ሆነ፣ አማርኛ ውስጥ እስር ቤት ሆነ። እኔ ይሄን ያወቅኩ ቀን ኮፒ ማሽኑን አቁሜ ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት፣ እሷም «ታድያ ልዑሎቹን ማን ጠየቃቸው» አለችኝ። ማንም አልጠየቃቸውም። ከወኅኒ አምባ ውስጥ ሆኖ የተጻፈ የኛ ልብ ወለድ ቢኖር ምን ይመስል ነበር? በደንብ ቁጥር 6 መሠረት ውድቅ ነው መሰለኝ፣ ውስጡ አንድ የሚናገር ዝንጀሮ ካለ።

ከዛ በፊትም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1165 አካባቢ አውሮፓ ውስጥ ካህኑ ዮሐንስ ከሚባል የሩቅ አገር ንጉሥ ተጻፈ የተባለ ደብዳቤ ዞረ፣ ዕንቁ የሚያፈስ ወንዝ አለኝ፣ ሽማግሌውን ወጣት የሚያደርግ ምንጭ አለኝ፣ ምናምን፣ ሙልጭ ያለ ፈጠራ ነው። ጳጳሱ አሌክሳንደር 3ኛ በ1177 መልስ ጻፉለት፣ ለሌለ ሰው። መጀመሪያ እስያ ፈለጉት፣ አጡት፣ ቀስ በቀስ ካህኑ ዮሐንስ ማለት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ተባለና ፖርቱጋሎች እሱን ፍለጋ ሰው መላክ ጀመሩ። በ1520 ልዑካኑ ከአፄ ልብነ ድንግል ድንኳን ደረሱ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ስድስት ዓመት ቆይቶ አገሩን በዓይኑ አይቶ የጻፈው መጽሐፍ ሲታተም እንኳን ርዕሱ ላይ ያው ካህኑ ዮሐንስ ነው ያለው። በ1541 ደግሞ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ከ400 ነፍጠኛ ጋር ገባ፣ እሱ በዓመቱ ተይዞ ተገደለ፣ የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ተዋጉና በ1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ወደቀ። የቅመም ንግዱም የቱርክም ጉዳይ አለበት፣ ሁሉን ነገር ደብዳቤው አመጣው አልልም፣ ግን ፈልጉት ያስባላቸው ያ የቅዠት ደብዳቤ ነበር፣ 400ው ጠመንጃ ሲመጣ ደግሞ ቅዠት አልነበረም፣ ወገን ለይቶ የሚገድል እውነተኛ ጠመንጃ ነው። ታሪክና ቅዠት ግንኙነት የላቸውም ላለኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው።

አንድ ሌላ፣ አጭር። ዛሬ ልጆቻችን የሚያብዱለትን የቀለበቱን ታሪክ የጻፈው ቶልኪን ኦክስፎርድ ላይ የጥንት እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1932ና በ1934 በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናቱ ያጠናው በዚያ ጥንታዊ ቋንቋ ኢትዮጵያውያን የሚጠሩበትን ቃል ነው። ቃሉ ከፀሐይና ከከሰል ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ከጀርባው የእሳት ፍጡሮች አየበት፣ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው የእሳት ጭራቅ ከዚያ ሐሳብ የመጣ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። አስቡት፣ ኢትዮጵያዊ የምትለው ቃል ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ወደ ጭራቅ ስትቀየር። እምዬ ብትሰማ «እኛንም ቡዳ አሉን?» ነበር የምትለው። እኛ በማዶው ቀጥቃጭ ላይ ያደረግነው ነው እኮ፣ ያላወቅነውን ሰው ወደ አውሬ መቀየር።

የውድድራችሁ ፖስተር ላይ በትልቁ «የልብ ወለድ ውድድር» ይላል። ቃሏን ከየት አመጣችኋት? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ካሳተመው ነው፣ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፣ በኋላ ነው ጦቢያ ያልነው፣ ምኒልክ ስለ ባለ እጅ ካወጁበት ጊዜ ጋር ያው ሰሞን ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ አገሩ የት ዘመኑ መቼ እንደሆነ በግልጽ ያልተነገረበት፣ ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተትበት፣ ንጉሥ የሚወዳት፣ ተረት ተረት የሚሸት ሥራ ነው። ለውድድራችሁ ቢላክ ገጽ ሦስት አይደርስም። ክብረ ነገሥቱን አላነሳም ብዬ ነበር፣ በሃይማኖት የምትመጡብኝ ስላላችሁ፣ እኔም አማኝ ነኝ፣ ግን እንደ ጽሑፍ ብቻ አንዴ እዩት፦ የቀዳማዊ ምኒልክ ሠረገላዎች ከመሬት ከፍ ብለው እንደ ነፋስ ሲበሩ ይነግረናል። ያ መጽሐፍ ከመቅደላ ተዘርፎ ሄዶ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ያስመለሱት ነው፣ ያለሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 2 ላይ የንጉሡ ዘር ከንግሥተ ሳባና ከሰለሞን ልጅ እንደሚመዘዝ ተጽፏል። ሠረገላ በበረረበት ታሪክ ላይ አገር የተመሠረተ፣ አዋጅ የታወጀ ሕዝብ ነን፣ እና ምናብ የኛ አይደለም?

በአንድ ነገር እስማማላችኋለሁ፣ እውነት ለመናገር። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን አያለሁ፣ በረዶ አይቶ የማያውቅ የአዳማ ልጅ ስለ በረዶ ቤተ መንግሥት ይጽፋል፣ ገጸ ባሕሪው ኤድዋርድ ነው ስሙ፣ ዘንዶው ዋሻ ውስጥ ወርቅ ላይ ተኝቷል። የኛ ዘንዶ እኮ አክሱም ላይ ነው፣ አርዌ ነው፣ በየጊዜው ልጃገረድ ይገበርለት የነበረው ንጉሥ እባብ፣ መርዝ የበላ ፍየል አብልተው የገደሉት፣ ፒያሳ የሚሸጠው ሸራ ላይ በ44 ሣጥን ተስሎ ተንጠልጥሏል፣ ልጁ በአጠገቡ አልፎ ካፌ ይገባና ስለ ኤድዋርድ ይጽፋል። ይሄ ያበሳጫችኋል፣ እኔንም ያበሳጨኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. ያ የዋካንዳ ፊልም ሲወጣ የአክስቴ ልጅ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገውን ሽማግሌ አይቶ «ይሄ ደግሞ የየት አገር አፍሪካ ነው» ብሎኛል። የሙርሲና የሱሪ ነው ያንተው አገር፣ ኦሞ ነው፣ ስለው አላመነኝም፣ ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ፊልም ሠሪዎቹ ኦሞን ያውቁታል፣ እሱ አያውቀውም። ግን እንዲያውቀው የሚያደርገው ደንብ ቁጥር 6 ነው? በሩ ሲዘጋበት ልጁ ተረቱን አይተወውም፣ የኛን ተረት ነው የሚተወው፣ ምክንያቱም የኛን የሚያትምለት የለም። ኢታን ኮሚክስ የሚባሉት ልጆች ጀምበርን ብለው ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሲያወጡ የማንንም ፈቃድ አልጠበቁም፣ ጎሽ ብያለሁ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የኔን ሥራ መልሳችሁ እዩልኝ አላልኩም፣ እሱ ያለፈ ነገር ነው፣ ከላይ እንዳልኩት መሃሉ ይንዛዛል። ቁጥር 6ን ሰርዙ። የማትሰርዙት ከሆነ ደግሞ «ተረት» ከሚለው ጎን ምን ማለታችሁ እንደሆነ አንድ አንቀጽ ጻፉበት፣ ዛር ይካተታል ወይ፣ ጅን ይካተታል ወይ፣ ቅዱሳን አምባ ላይ በዘንዶ የሚወጡበት ገድልስ? አስቸጋሪ እንደሚሆንባችሁ አውቃለሁ፣ ለዛ ነው ጻፉት የምለው። ሌላው፣ ከአምስታችሁ አንዱ ወይም አንዷ የቃል ግጥምና ተረት የሰበሰበ ሰው ይሁን፣ ገጠር ወጥቶ ከእምዬ ዓይነት ሰው ጋር ቡና የጠጣ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ፎክሎር የሚያስተምሩ ሰዎች አሏቸው፣ አንድ ስልክ ነው። እና ደግሞ «ማንነታችን» ስትሉ ያሸነፈውን ንጉሥ ብቻ አትቁጠሩልኝ፣ እህሉ መሬት ላይ የተቀመጠለት ሰውዬም አለ፣ የልጅ ልጆቹ ዛሬ እስራኤል ውስጥ ኔታንያና አሽዶድ ሆነው ስለ አያታቸው መንደር ሲጽፉ በምን ቋንቋ እንደሚጽፉ አላውቅም፣ በአማርኛ ቢጽፉና ለናንተ ቢልኩ ግን ጅብ ስላለበት ብላችሁ እንዳትመልሱባቸው።

አሁን ጉትቻው። ቀይ እስክሪብቶ የያዝከው ወይም የያዝሽው ሰው ሆይ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ዓመታት የኖረ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ነበረ። ቀጥቃጮች ወደ ጅብ ይቀየራሉ የሚለውን ወሬ ሰምቶ ከመሳቅ ይልቅ በማስታወሻው የጻፈው ምን መሰለህ፣ የተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ እነዚያ ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት የወርቅ ጉትቻ መገኘቱን ነው፣ አይቻለሁም ይላል። ማን እንዳደረገላቸው ለምን እንዳደረገላቸው ሌላ ክርክር ነው፣ የሰው ተንኮልም ሊሆን ይችላል። ብቻ ገጽ 14 ላይ ያለችውን ጉትቻ እኔ አልፈጠርኳትም።

ሌላ ማስረጃም አለኝ። ወለቃ በሦስተኛው ቀን ስሄድ ሸክላዋ ተተኩሳ ወጥታ ገና ትሞቅ ነበር፣ አገላብጬ ሳያት ግራ ጆሮዋ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ከመተኮሷ በፊት በስንደዶ የተበሳ። ተሰነጠቀች እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ስለ ታሪኬ አንድም ነገር አልነገርኳቸውም ነበር። እትዬ ጭቃ ባለበት እጃቸው የራሳቸውን ጆሮ ነካ አደረጉና «ጅብ ስትዪኝ የትኛዋን ጅብ መሰለሽ፣ ይቺማ ጉትቻ አላት» አሉኝ። 80 ብር ነው የከፈልኳቸው።